የጳጉሜን 6 እና ሁለት መስመር ኮድ

ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ላፕቶፕ ከፍተው ከሚሠሩ ወጣት ፕሮግራመሮች ጋር ስንወያይ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ለኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት (ኮዱ ለሁሉም ክፍት ለሆነና ማንም ማሻሻያ ሊልክለት ለሚችል) የላኩት የኮድ ለውጥ ትክክል ሆኖ ሳለ ለምን ሰሚ እንደሚያጣ ይጠይቁኛል። እንደ እኔ እምነት ለውጡ ትክክል መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ትክክል መሆኑን ሌላ ሰው ሳይደክም ማረጋገጥ መቻል አለበት።

የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያሰላ አንድ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) ጳጉሜንን ሁልጊዜ 5 ቀን አድርጎ ይቆጥራል እንበል። በዘመነ ሉቃስ፣ ማለትም ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን ፕሮግራሙ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም.ን እንደሌለ ቀን ይቆጥረዋል። ማስተካከያው ከሁለት መስመር አይበልጥም። ይሁን እንጂ ኤዲተሩ (ኮዱ የሚጻፍበት ፕሮግራም) የፋይሉን ክፍተቶች በሙሉ በራሱ ካስተካከለ፣ ላኪውም እግረ መንገዱን የቫሪያብሎችን ስም ከቀየረ፣ ገምጋሚው ፊት የሚቀርበው በቀይ (በተሰረዙ) እና በአረንጓዴ (በተጨመሩ) መስመሮች የተሞላ ፋይል ነው፤ ሁለቱን መስመሮች ከዚያ ውስጥ ፈልጎ የማውጣቱ ሥራ የእሱ ዕዳ ይሆናል። ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ ከመደበኛ ሥራው በተረፈው ሰዓት ያለ ክፍያ የሚያገለግል መሆኑን ማሰብ ይገባል።

የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት) መመሪያ እያንዳንዱ ጉዳይ በየራሱ ፓች (የለውጥ ጥቅል) ይላክ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። የክፍተቱ ማስተካከያ ጠቃሚ ከሆነ ለብቻው ይላክ። ከጳጉሜን ማስተካከያው ጋር ደግሞ ኮዱን የሚፈትሽ ቴስት ይሂድ፤ የ2015ቱን ጳጉሜን 6 የሚቀበል፣ የ2016ቱን የማይቀበል።

የኮሚት መልእክቱን፣ ማለትም ከለውጡ ጋር የሚመዘገበውን ማብራሪያ፣ ብዙዎች ችላ ይሉታል፤ ለእኔ ግን ከኮዱ እኩል ክብደት አለው። «ስህተት ተስተካከለ» የሚል መልእክት ምንም አይነግርም። በጊት (የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው መሣሪያ) ልማድ የመጀመሪያው መስመር ከ50 ፊደል ባይዘል ይመረጣል፤ «በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6ን ተቀበል» ቢባል ይበቃል። ከዚያ አንድ መስመር ክፍት ተትቶ ችግሩ በማን ላይ እንደደረሰና ይህ መፍትሔ ለምን እንደተመረጠ ይብራራል፤ ምን እንደተቀየረ ኮዱ ራሱ ያሳያልና፣ ከዓመታት በኋላ ያንን መስመር የሚመረምር ሰው የሚያጣው ምክንያቱን ነው።

አንዳንድ ፕሮጀክቶች ፊርማም ይጠይቃሉ። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ እያንዳንዱ ላኪ ኮዱን በፕሮጀክቱ ፈቃድ ሥር የማበርከት መብት እንዳለው ስሙን በያዘ አንድ መስመር በመልእክቱ ላይ እንዲያረጋግጥ ያደርጋል። አሠሪ ድርጅት ውስጥ የተጻፈ ኮድ ከሆነ ይህን መስመር ከመጨመር በፊት ውልን ማንበብ ያስፈልጋል።

ምላሽ ከዘገየም ቢያንስ አንድ ሳምንት ጠብቆ በትሕትና ማስታወስ ነውር የለውም፤ የከርነሉም መመሪያ የሚመክረው ይህንኑ ነው።