የዐቃቤ ሕግ 1ኛ ምስክር
(የወንጀል ተጎጂዎችን በሕግ በሚረዳው ማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ ከየክፍለ ከተማው የመጣችሁ በጎ ፈቃደኞች፤ እንደምን አደራችሁ?

ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ። ግቡ፣ ተቀመጡ። አዳራሹ ሲሞላ ደስ ይለኛል። ሲሞቅ ግን ሰው ያንቀላፋል፤ እባካችሁ መስኮቱን ክፈቱልን።

የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን፣ የሂሳቡን ደግሞ ገንዘብ ያዣችን ያቀርባሉ። ስንት ሰው አማከርን፣ ስንት መዝገብ ተዘጋ የሚለውን ለእነሱ ልተወው። እኔ ስለ አንድ ፌስታል ላውራችሁ።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ጥቁር ፌስታል በእጃቸው ይዘው ቢሯችን መጡ። ዝናብ ስለነበር ፌስታሉን በነጠላቸው ሸፍነውታል። እሳቸው በስብሰዋል፣ ፌስታሉ ደርቋል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡትና «ማስረጃ ይዤ መጣሁ» አሉኝ። ስከፍተው የልጃቸው ቀሚስ ነው። ልጅቷ ከአራት ቀን በፊት ጥቃት ደርሶባታል። ቀሚሱ ታጥቧል፣ ተተኩሷል፣ አራት ቦታ ታጥፏል። የኦሞው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ለምን አጠቡት ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። «ሰው ፊት ቆሻሻ ይዞ መቅረብ ነውር ነው ብዬ ነው» አሉ።

አራት ቀን ማለት ደግሞ ሌላም ነገር ነው። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። አልፏል።

እኚህን እናት ማን ሊነግራቸው ይገባ ነበር? እኛ ነበርን። በዚያው ወረዳ ከሁለት ወር በፊት ሥልጠና ሰጥተናል። ባነር ሰቅለናል፣ ምሳ አብልተናል፣ ፎቶ ተነስተናል። አሠልጣኙ እኔ ነበርኩ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1978 ዓ.ም. ስላጸደቀው የወንጀል ተጎጂዎች መግለጫ አርባ ደቂቃ ያህል አውርቻለሁ። ጥሩ መግለጫ ነው፤ አልጸጸትበትም። ልብስ አይታጠብም የምትለውን አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን አልተናገርኩም። እኚህ እናት በዚያ ሥልጠና ላይ ሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠው ነበር። የተሳትፎ ወረቀታቸውም ፌስታሉ ውስጥ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ መብት ትምህርት ያለኝ ሐሳብ ተቀይሯል። ሰው በተጎዳ በመጀመሪያው ሌሊት ትዝ የማይለው ነገር፣ ለእኔ አልተማረውም ማለት ነው።

አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት እኔ ሰባት ዓመት የተከሳሽ ጠበቃ ነበርኩ። ስለዚህ አሁን የምናገረውን በተከሳሽ ላይ እንደ መነሳት እንዳትቆጥሩብኝ። ሕገ መንግሥታችንን ግለጡ። አንቀጽ 19 ስለተያዙ ሰዎች ነው። አንቀጽ 20 ስለተከሰሱ፣ 21 ደግሞ በጥበቃ ሥር ስላሉና ስለተፈረደባቸው ሰዎች። ጠበቃ ማቆም ላልቻለ ተከሳሽ ፍትሕ እንዳይጓደል መንግሥት ያቆምለታል። እንዲህም መሆን አለበት፤ የሚነካው ካለ መጀመሪያ የምጮኸው እኔ ነኝ። ከዚያ ወንጀል ስለተፈጸመበት ሰው የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጉ። ለብቻው የተጻፈ የለም። አንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብትን ለሁሉም ሰው ይሰጣል። በዚያች በር ነው የምንገባው።

ለተጎጂው ዐቃቤ ሕግ አለለት ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ዐቃቤ ሕግ የሚቆመው ለሕዝብ ነው። የመዝገብ ክምሩን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ዐቃቤ ሕጉን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታየው ምስክርነት በምትሰጥበት ጠዋት፣ በኮሪደሩ ላይ፣ በአምስት ደቂቃ የሆነባት ስንት ናት! ክሱ ላይ «የግል ተበዳይ» ተብላ ተጽፋለች። ችሎት ሲደርስ ስሟ ይቀየራል። «የዐቃቤ ሕግ 1ኛ ምስክር» ትባላለች። ምስክር ደግሞ ቃሉን ሳይሰጥ ችሎት ገብቶ አያዳምጥም። ስለዚህ ጉዳዩ የራሷ ሆኖ ሳለ ውጭ ትቀመጣለች።

የት? እዚያችው ኮሪደር ላይ ያለች ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ። አጠገቧስ ማን አለ? የተከሳሹ እናት፣ የተከሳሹ ወንድም፣ የተከሳሹ ጓደኞች። እኔ የተከሳሽ ጠበቃ ሆኜ በዚያ ኮሪደር ስመላለስ ይህን ሰባት ዓመት አይቻለሁ። አንድ ጊዜ የደንበኛዬ አክስት ለተበዳይዋ ቆሎ ስታቀርብላት አየሁ። በእጇ ይዛ «እንኪ የኔ ልጅ» ትላለች። ልጅቷ ተቀበለች። ምን ታድርግ? ከዚያ ችሎት ገብታ «በደንብ አላስታውስም» አለች። እኔ ያን ቀን አሸነፍኩ። ማሸነፌን ለማንም አላወራሁም።

በነገራችን ላይ ምስክር መባሏ አንድ ጥቅምም አለው። የምስክሮችና የወንጀል ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል ላይ ዛቻ ከደረሰባት ጥበቃ መጠየቅ ትችላለች። መጠየቅ እንደሚቻል የሚያውቅ ግን ብዙም አይገጥመኝም። ሕፃናትም አዲስ አበባ፣ በፍርድ ቤቱ ልደታ ምድብ ለእነሱ በተዘጋጀው ችሎት፣ ተከሳሹን ፊት ለፊት ሳያዩ ከሌላ ክፍል በቪዲዮ ቃላቸውን ይሰጣሉ። ይህን ለወላጅ ቀድሞ መንገር ስንት ሌሊት እንቅልፍ ይመልሳል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ስለ ካሳ ስናወራ «ደሙን በብር ልትሸጥ ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሕጉ እንዲህ አይልም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 ተጎጂው ካሳውን ከወንጀል ክሱ ጋር አጣምሮ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 ደግሞ መቼ እንደሚጠየቅ ይናገራል፤ የክሱ መሰማት ሲጀመር ነው። እዚህ ላይ ነው የምንሸነፈው። ያቺ ጠዋት ካለፈች ተጎጂው በፍትሐ ብሔር አዲስ መዝገብ ከፍቶ፣ የዳኝነት ከፍሎ፣ ወይ በደሃ ደንብ፣ ማለትም ክፍያ ሳይጠየቅ፣ ለመክሰስ የድህነት ማስረጃ ሲያሰባስብ ከርሞ፣ ሁሉንም እንደገና መጀመር አለበት። ብዙዎቹ «በቃኝ» ይላሉ። አልፈርድባቸውም።

በሰዓቱ ቢጠየቅም አንቀጽ 155 አለ። የካሳው ነገር ብዙ ምስክር የሚጠይቅ ወይም ክሱን የሚያጓትት ከመሰለው፣ ፍርድ ቤቱ «ለብቻህ ክሰስ» ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ ሂሳቡ የተሠራ፣ ደረሰኙ የተያያዘ፣ አንድ ገጽ የማይሞላ ጥያቄ ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል። ዳኛው አንብበው በአምስት ደቂቃ የሚረዱት መሆን አለበት።

ለምን ደረሰኝ ደረሰኝ እንደምል ልንገራችሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2116 ለሕሊና ጉዳት፣ ማለትም በገንዘብ ለማይለካው ሐዘንና ሥቃይ፣ የሚከፈለው ካሳ በምንም ዓይነት ከአንድ ሺህ ብር አይበልጥም ይላል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ያኔ አንድ ሺህ ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ ከሰሚት ልደታ ሁለት ቀን በራይድ ለመመላለስ አይበቃም። ለሕክምና የወጣው፣ የቀረው ገቢ፣ ትራንስፖርቱ ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለበትም። የደረሰው ጉዳት ልክ ይታሰባል፤ ከተረጋገጠ ማለት ነው።

እዚህ ጋ የጉልት ነጋዴዋን ላንሳ። ጎረቤት በዱላ ክንዳቸውን መትቷቸው አምስት ሳምንት ከገበያ ቀሩ። ሐኪም ቤት አንድ ቀን ሄደዋል። ከዚያ ሰው እንደሚያደርገው ወጌሻ ጋ ተመላለሱ። ወጌሻ ደረሰኝ አይሰጥም። በጎ ፈቃደኛችን ዘዴ ፈጠረች፤ ወጌሻውን ምስክር አድርጋ ቆጠረቻቸው። ሽማግሌው ችሎት ቀርበው በየሳምንቱ ስንት እንደተቀበሉ፣ አንድ ቀን ደግሞ ቅቤ ብቻ እንደተቀበሉ ተናገሩ። ዳኛው ፈገግ አሉ። ግን መዘገቡላቸው። ይህን ለወጣት ጠበቆቻችን የምነግረው ሕግ ቤታችን ድረስ መምጣት እንደሚችል እንዲያዩ ነው።

ስለ ሽምግልና ደግሞ ሳልናገር አልወርድም፤ ቢከፋችሁም። እኔም በሽምግልና የታረቀ ቤት ልጅ ነኝ፤ ዋጋውን አውቃለሁ። ግን ሁለት ዓይነት ወንጀል አለ። ዛቻ ወይም ቀላል የአካል ጉዳት በግል አቤቱታ የሚያስከስስ ነው። ተበዳይ ካላመለከተ ክስ የለም፤ ማመልከቻውም ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። እዚያ ላይ ሽማግሌ ቢገባ ያስኬዳል። አስገድዶ መድፈር ግን፣ ከባድ የአካል ጉዳት ግን፣ ጠለፋ ግን የሽማግሌ ጉዳይ አይደለም። «ታርቀናል» የሚል ወረቀት ተጽፎ ቢመጣም ክሱን አይዘጋውም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ካገባት አይከሰስም ይል ነበር። ለዚህ ነው ሽማግሌው ወደ ልጅቷ አባት ይሮጥ የነበረው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን ሰርዞታል፤ በኋላ መጋባታቸው ከተጠያቂነት አያድነውም። በዚያ ለውጥ ውስጥ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የከፈለውን ድካም የማያውቅ ካለ ዛሬ ሻይ ላይ ትልልቆቹን ይጠይቅ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገቢ ያለውን ከመብት ሥራ ሲያግድ የነጻ ሕግ አገልግሎት ምን ያህል እንደተጎዳ እነሱው ይነግሯችኋል። አዋጁ በ2011 ተተክቷል። የተበተነውን ሰው መልሶ መሰብሰብ ግን በአዋጅ አይሆንም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። ዐቃቤ ሕግ «ማስረጃ የለም፣ አልከስም» ካለ ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል «መዝገቡ ተዘግቷል» ተብሎ የተመለሰ ሰው በምን ላይ አቤት ይላል? ተከሳሹ ነጻ ቢባልም የካሳ በር ወዲያው አይዘጋም። የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በወንጀሉ ነጻ መባል አይታሰርም። ይህን የሰማች አንዲት ደንበኛችን «እንዴ፣ ታዲያ ለምን አልቅሼ ወጣሁ?» አለችኝ።

ዛሬ ከሰዓት ውሳኔ የምትሰጡባቸው ሁለት ሐሳቦች ከሥራ አመራሩ ቀርበዋል። የመጀመሪያው ይህች በእጄ ያለችው ካርድ ናት። ኪስ ትገባለች። መግለጫም፣ ዓርማም፣ የእኔ ፎቶም የለባትም። ልብስህን አትጠብ፣ በወረቀት ከረጢት አስቀምጥ ትላለች። ሳትታጠብ ሐኪም ቤት ሂድ፣ 72 ሰዓት እንዳያልፍ ትላለች፤ አዲስ አበባ ላለ ሰው ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንና ፖሊሱን በአንድ ግቢ የሚያገኝበት ማዕከል እንዳለም ጽፋለች። የመርማሪውን ስምና የመዝገብ ቁጥሩን ጻፍ፣ ደረሰኝ አትጣል ትላለች። በቃ። አማርኛው ታትሟል። የኦሮምኛውና የትግርኛው እርማት ላይ ነው። ማንበብ ለማይችሉ ሥዕል ይጨመር የሚል አስተያየት መጥቷል፤ እኔ ደግፌዋለሁ፣ ገንዘብ ያዣችን ግን ፊታቸውን አጥቁረዋል።

ሁለተኛው ያቺን አግዳሚ ወንበር ይመለከታል። ከአሁን በኋላ ማንም ደንበኛችን እዚያ ብቻዋን አትቀመጥም። ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። ጡረተኛ ትሁን፣ ተማሪ ይሁን፣ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ብቻ ነው የምንፈልገው። ስለ ጉዳዩ አይወራም፤ ምስክርነቷን የሚያበላሽ ነገር እንዳይመጣ ሥልጠናው ላይ ይህ ይነገራል። ቆሎ ይዞ መምጣት ይፈቀዳል።

የተራ መዝገቡ መግቢያው በር ጋ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከቡና በፊት አይቼዋለሁ፤ ሰኞና ዓርብ ሞልቷል፣ ማክሰኞና ሐሙስ ገና ባዶ ናቸው። የፌስታሏ እናት ረቡዕን ይዘዋል። መዝገቡ ላይ የፈረሙት እሳቸው መጀመሪያ ናቸው።

ጉባኤው ተከፍቷል። ጸሐፊያችን፣ መድረኩ ያንተ ነው።