ቁልፍ ተቀረፀ እንጂ ቤት አልተሰራም

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ኑ፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ። አዘጋጆቹ ለምረቃችሁ "ስለ ቴክኖሎጂና የወጣቱ ሚና" ተናገርልን ብለውኝ ሁለት ገፅ ፅፌ ነበር፣ ትናንት ማታ ሳነበው ራሴኑ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስለዚህ እሱን ትቼ ስለ ኮፒ ነው የማወራው። የፈተናውን አይደለም፣ እሱን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የኦብጀክቱን ነው፣ ፕሮግራም ውስጥ የአንድ ነገር መረጃ አንድ ላይ የታሰረበትን ጥቅል።

ግማሾቻችሁን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሰሌዳው ላይ "ለ እኩል ይሆናል ሀ" ብዬ ፅፌ አሁን ስንት ኦብጀክት አለ ስላችሁ ክፍሉ በሙሉ "ሁለት!" ያለውን አልረሳውም። አንድ ነው። በጃቫም አንድ ነው በፓይተንም አንድ ነው፣ ሁለቱም የፕሮግራም ቋንቋዎች እዚህ ላይ ስም እንጂ ኦብጀክት አይጨምሩም። እናቱ ማሙሽ የምትለው ልጅ ሰፈር ውስጥ አንበሴ ይባላል፣ እግሩ ቢሰበር ማሙሽም አንበሴም ነው የሚያነክሰው።

እሺ፣ ታሪኩ። ከጥቂት አመታት በፊት የአንድ ቁጠባና ብድር ማህበር ሲስተም ላይ እሰራ ነበር፣ ስሙን ተዉት። አባላት አንድ ብድር እየከፈሉ ሌላ ሲጨምሩ ፀሐፊዋ ሁሉን ከአዲስ እንዳትሞላ "ከድሮው ኮፒ አድርግ" የሚል በተን እንስራላት ተባለ። የሰራሁት እኔ ነኝ፣ ምን ልደብቃችሁ። የብድሩ ኦብጀክት ላይ ክሎን የሚባለውን የጃቫ መገልበጫ ጠራሁ፣ የብሩን መጠን ቀየርኩ፣ ወለዱን ቀየርኩ፣ ድሮው ንክች አላለም፣ ይሰራል ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ። ግን ብድሩ ውስጥ የዋሶች ሊስት አለ። የጃቫ ክሎን ዝም ብለህ ስትጠራው ላይ ላዩን ነው የሚገለብጠው፣ ቁጥሩን ይገለብጥና ሊስቱ ጋ ሲደርስ ሊስቱን ሳይሆን አድራሻውን (ሪፈረንሱን) ይገለብጣል። ዲፕ ኮፒ ውስጥ ያለውንም ሁሉ አዲስ አድርጎ ይገለብጣል፣ ሻሎው ኮፒ የምትሉት ግን ይሄ ነው። ቁልፍህን አስቀርፀህ ለሌላ ሰው ብትሰጥ ቤትህ ሁለት አይሆንም፣ ሰውየው ሶፋ ቢያወጣ ካንተ ሳሎን ነው የሚወጣው።

አንድ ቀን አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ቢሮ መጡ። "ፈርሜ የማላውቀው ብድር ላይ ዋስ ነዎት ብለው ደወሉልኝ ልጄ" አሉ። ለካ ተበዳሪው እሳቸውን ዋስ ያደረገው ለአዲሱ ብድር ነው፣ 20 ሺህ ብር። የድሮው 150 ሺህ ላይ ዋሱ ወንድሙ ነበር። አዲሱ ላይ ወንድምየውን አውጥተን እሳቸውን ስናስገባ ሊስቱ አንድ ስለሆነ ከድሮውም ወንድምየው ወጥቶ እሳቸው ገቡ፣ ሴቭ ሲደረግ ሁለቱም እንደዛው ዳታቤዝ ውስጥ ቁጭ አሉ። ድሮው ብድር ደግሞ ውዝፍ አለበት። ወንድምየው? እሱማ ስልኩ መጮህ ስላቆመ ደስ ብሎታል።

ምን እንደምላቸው አጣሁ። "እማማ፣ ሪፈረንሱ ሼር ተደርጎ ነው" ይባላል? እሳቸው ከፌስታል ውስጥ ሶስት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡና ፊርማቸው ስር ጣታቸውን አድርገው "የኔ ይሄ ነው፣ ሌላ የለኝም" አሉ። ከወረቀት ፋይሉ ጋር እያመሳከርን ለማስተካከል 3 ቀን ፈጀብን፣ እንደሳቸው የሆኑ ሌሎች 11 ሰዎችም ተገኙ።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። እኔ ያን ስራ የተቀጠርኩት "ሻሎውና ዲፕ ኮፒ ልዩነታቸው ምንድነው" ተብዬ በትክክል መልሼ ነው! እንደ ዳዊት ነበር የምደግመው። አራቱን የኦኦፒ (በኦብጀክት ፕሮግራም የመስሪያ ዘዴ) መሰረቶች ብትሉኝም እደግም ነበር። ኮድ በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ እየፃፍን ተፈትነን ኤ አገኘን፣ ሜሞሪ ውስጥ ምን እንደሚሆን ግን ሳጥንና ቀስት ስሎ ያሳየን ሰው አልነበረም። ሁለት ሳጥን፣ ሁለት ቀስት፣ አምስት ደቂቃ! አምስት ደቂቃ አጥተን ነው እኚያን እናት ያስለቀስነው? ይሄን ትርጉም ማሸምደድ ትምህርት ነው የሚለኝ ሰው ካለ እዚህ ይውጣና ይንገረኝ። ... አጨብጭቡ እንጂ፣ የናንተም ቁስል ነው።

ታዲያ ዲፕ ኮፒ አድርገን እንገላገል የሚል አለ፣ ፓይተን ላይ ዲፕኮፒ ብለህ ትጠራለህ ያልቃል። አያልቅም። ሊስቱ የብድሩ ነው፣ ይገልበጥ። እማማ ግን የብድሩ አይደሉም፣ ሰው ናቸው፣ እሳቸውን ከገለበጥክ ሁለት እማማ ይኖሩሃል፣ የአንዷን ስልክ ስታስተካክል ሌላዋ በድሮው ቁጥር ትቀራለች። የቱ የማን ነው የሚለውን ማሽኑ አያውቅልህም። እኔ በመጨረሻ ክሎኑን ጥዬ ኮፒ ኮንስትራክተር ፃፍኩ፣ ማለትም ከድሮው አዲስ ኦብጀክት የሚሰራ የራሴን ኮድ፣ አዲስ ሊስት፣ ውስጡ እነዛው ሰዎች። ሲ ፕላስ ፕላስ የምትሰሩማ ታውቁታላችሁ፣ እዛ ክላሱ (የኦብጀክቱ ንድፍ) ውስጥ በኒው የወሰዳችሁት ሜሞሪ ፖይንተር (አድራሻ) ካለ፣ ኦብጀክቱ ሲሞት ያንን ሜሞሪ የሚለቅ ከሆነና ኮፒውን ለኮምፓይለሩ (ኮዱን ለማሽኑ ለሚተረጉመው) ከተዋችሁለት ኦሪጅናሉም ኮፒውም ሲሞቱ አንዱን ሜሞሪ ሁለቴ ይለቁታል፣ ፕሮግራሙም እዛው ድፍት ሊል ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ "ኮፒ አይደረግም" ብሎ መከልከልም ይቻላል፣ ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

ስለ ኮንስታንት፣ አንዴ ከተሰጠ ስለማይለወጥ ዋጋ፣ ቶሎ ልበል፣ ኬኩ እየጠበቀ ነው። ያኔ አንዱ ባልደረባዬ "ሊስቱን ፋይናል እናድርገውና እንገላገል" አለ። የጃቫ ፋይናል የሚቆልፈው ስሙን ነው፣ ስሙ ወደ ሌላ ሊስት አይዞርም፣ ሊስቱ ውስጥ ግን እንደልብ መግባት መውጣት ይቻላል። የማይነካ ሊስት ከፈለጋችሁ ከጃቫ 10 ጀምሮ ሊስት ኮፒኦፍ አለ። (ጃቫ ኮንስት የሚለውን ቃልም ይዛ ቁጭ ብላለች፣ ራሷ አትሰራበት ለሰው አትሰጥ።) ቫቱን 15 ፐርሰንት በየፋይሉ የምትበትኑም አንድ ቦታ ስም ስጡት። ደግሞ የማይለወጥ የመሰላችሁን ሁሉ ኮንስታንት አታድርጉ፣ አንዱ ልጅ የዓመቱን ወር 12 ብሎ ቆልፎት ጳጉሜ 1 ሲስተሙ ቀን አልቀበልም አለ፣ አስተካክል ስንለው ጳጉሜን 5 ቀን ብሎ ቆለፈው፣ በአራተኛው ዓመት ጳጉሜ 6 ላይ እንደገና ደወሉልን።

በቃ ጨርሻለሁ። ሰርተፍኬታችሁን ስትቀበሉ ስማችሁን እዩት፣ አዘጋጆቹ ከአምናው ፋይል ነው ኮፒ ያደረጉት።