«አይ አም ቦሪንግ»፦ ስፓኒሽ ለሚናገሩ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ቅጽልን ስለማስተማር

የተከበራችሁ መምህራን፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

በዋሺንግተን ዙሪያ የማታ እንግሊዝኛ የምታስተምሩ ሁሉ ከኤል ሳልቫዶር፣ ከጓቲማላና ከሆንዱራስ የመጡ ጎልማሶችን ታውቃላችሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጠባብ ጉዳይ ነው፤ እነዚህ ተማሪዎች በስም ወይም በግስ ላይ ባዕድ መድረሻ ጨምረው የእንግሊዝኛ ቅጽል ሲመሠርቱ ምን እንደሚቀናቸው፣ ምን እንደሚያደናቅፋቸው። መድረሻዎቹን በሰንጠረዥ ደርድሮ ለሁሉም እኩል ጊዜ መስጠት ለስፓኒሽ ተናጋሪ አይሠራም። አንዱን ክፍል ከቤቱ ይዞት መጥቷል። ሌላውን ደግሞ ቋንቋው በመድረሻ ሳይሆን በግስ ወይም በመስተዋድድ ነው የሚሠራው። ጊዜያችሁን እዚያ ላይ አውሉት።

ይዞት የመጣውን በአንድ ክፍለ ጊዜ ጨርሱት። ሁለቱም ቋንቋዎች ከላቲን ስለወሰዱት ልውውጡ ቀጥተኛ ነው። በ«ኦሶ» የሚያልቀው በኦ-ዩ-ኤስ ያልቃል፤ ፋሞሶ ፌመስ፣ ኩሪዮሶ ኪዩሪየስ፣ ኼኔሮሶ ጄነረስ ይሆናል። አክቲቦ አክቲቭ፣ ኔሴሳሪዮ ኔሰሰሪ ይሆናል። ከኢምፖርታንቴ የመጨረሻዋን አናባቢ መጣል ይበቃል፤ ዲፌሬንቴ ግን ሲጻፍ ኤፏንም ይደግማል።

እዚህ የሚበላሸው አነባበቡና የፊደል አጻጻፉ ነው። ተማሪው ኦ-ዩ-ኤስን እንደተጻፈ አንብቦ «ፌሞውስ» ይላል፤ ትክክለኛው ድምፅ አጭር «አስ» ነው። በኤ-ኤል የሚያልቁት ሲጻፉ ብዙ ጊዜ ስለማይለወጡ አታላይ ናቸው፤ ስፓኒሽ «ናቱራል» ሲል አጽንዖቱን መጨረሻ ላይ ያሳርፋል፣ እንግሊዝኛ ግን መጀመሪያው ላይ። በ«ኢኮ» የሚያልቁት ግን ከዚህ ችግር ነጻ ናቸው፤ ፋንታስቲኮና ፋንታስቲክ፣ ኤኮኖሚኮና ኢኮኖሚክ አጽንዖታቸው አንድ ቦታ ነው። እዚያ ላይ ልምምድ አታባክኑ። ይልቅ «ቲፒክ» እና «ፕራክቲክ» የሚሉትን አርሙ፤ ቲፒኮ፣ ፕራክቲኮና ሎኺኮ ቲፒካል፣ ፕራክቲካልና ሎጂካል ናቸው። የትኛው ቃል «ካል» እንደሚጨምር የሚለይ አስተማማኝ ሕግ የለም፤ የተለመዱትን 10 ያህል ማስጠናት ይሻላል።

ስፓኒሽ ተነባቢን እምብዛም ስለማይደግም «ፖሲብል» በአንድ ኤስ ይጻፋል፤ እንግሊዝኛው ግን ሁለት ይፈልጋል። «ሬስፖንሳብሌ» ደግሞ በስፓኒሽ በኤ ነው፣ በእንግሊዝኛ በአይ፤ ጎበዙም ይሳሳተዋል።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። በስፓኒሽ «ኤስቶይ አቡሪዶ» ማለት ሰልችቶኛል ነው፤ «ሶይ አቡሪዶ» ደግሞ አሰልቺ ነኝ። ቅጽሉ አንድ ነው፤ ትርጉሙን የለየው ግሱ ነው። እንግሊዝኛ ለሁለቱም ያለው አንድ ግስ ስለሆነ ልዩነቱን መድረሻው ይሸከማል፤ ስሜቱ ያደረበት በኢ-ዲ «ቦርድ»፣ ስሜቱን የፈጠረው በአይ-ኤን-ጂ «ቦሪንግ»። ተማሪው «አይ አም ቦሪንግ» የሚለው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። አይ-ኤን-ጂን የተማረው «አሁን እየሠራሁ ነው» በሚለው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ስለዚህ አሁን የሚሰማውን ሲናገር እጁ ወደዚያው ይሄዳል። አሰልቺንና የሰለቸውን ለማናምታታ ለእኛ ስህተቱ ግር ይለናል፤ ምክንያቱ ግን ይኸው ነው።

«ሰው ከሆነ ኢ-ዲ፣ ዕቃ ከሆነ አይ-ኤን-ጂ» የሚለውን አቋራጭ አታስተምሩ። ሰውም አሰልቺ ይሆናል፤ ተማሪው ስለ አለቃው መናገር ሲፈልግ ሕጉ ይከዳዋል። ከመጀመሪያው ቀን በሁለቱም በኩል ሰው ያለበት ምሳሌ ስጡ፤ መምህሩ ቦሪንግ ነው፣ ተማሪዎቹ ቦርድ ናቸው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ስሜቱ ያለው ማን ዘንድ ነው? ቀደም ብሎ የተማረው የ«አንቴ» ልውውጥ እዚህ እንደማይሠራም ንገሩት። ኢንቴሬሳንቴ ኢንተረስቲንግ፣ ኤሞሲዮናንቴ ኤክሳይቲንግ ነው፤ ኢምፕሬሲዮናንቴ ግን ኢምፕሬሲቭ ይሆናል።

ኢ-ዲውን መረዳት አንድ ነገር ነው፤ ማሰማት ሌላ። ከቲና ከዲ በኋላ ራሱን የቻለ ክፍለ ቃል ይሆናል፤ ኢንተረስትድ፣ ኤክሳይትድ። በሌሎቹ ላይ ግን ተነባቢ ብቻ ነው፣ ስፓኒሽ ደግሞ ቃልን በተደራረቡ ተነባቢዎች አይዘጋም። ስለዚህ ወይ «ቦሬድ» ይላል፣ ወይ መጨረሻውን ውጦ «አይ አም ታየር» ይላል። መፍትሔው በአናባቢ የሚጀምር ቃል ማስከተል ነው። «ታየርድ ኦቭ» ሲባል ዲዋ ወደሚቀጥለው ቃል ትሻገርና «ታየር-ዶቭ» ትሆናለች፤ እንዲህ ሲሆን ይወጣለታል። ከ10 ጊዜ በኋላ «ኦቭ»ን አንሱት።

ቀጥሎ «ለስ»። ስፓኒሽ እንዲህ ያለ መድረሻ የለውም፤ ከስም በፊት «ሲን» ይላል። «ሲን ኦጋር» ሆምለስ ነው፤ የእኛው «ቤት አልባ» ቅርጹ ለእንግሊዝኛው ይቀርባል። አደጋው ተማሪው ለእያንዳንዱ «ለስ» በ«ፉል» የሚያልቅ ተቃራኒ መፈለጉ ነው። ኬርፉልና ኬርለስ፣ ዩዝፉልና ዩዝለስ ይጣመራሉ፤ «ሆምፉል» የሚባል ግን የለም። ፕራይስለስም ዋጋ ቢስ ሳይሆን ዋጋው የማይተመን ነው። ሲጻፍ መድረሻው «ፉል» አንድ ኤል ብቻ አለው።

ብዙ የአየር ጠባይ ቅጽሎች በዋይ ያልቃሉ፤ ሰኒ፣ ፎጊ፣ ሬይኒ። ሰን ኤኗን፣ ፎግ ጂዋን ይደግማሉ፤ በአንድ አጭር አናባቢና በአንድ ተነባቢ ስለሚያልቁ ነው። ሬይንና ክላውድ ሁለት አናባቢ፣ ዊንድ መጨረሻው ላይ ሁለት ተነባቢ ስላላቸው አይደግሙም።

በኤል-ዋይ ላይ ተጠንቀቁ። ተማሪው የስፓኒሹ «ሜንቴ» አቻ አድርጎ ይይዘውና ፍሬንድሊን፣ ሎንሊን፣ ላቭሊን ተውሳከ ግስ ያደርጋቸዋል። ቅጽል ናቸው።

ብዙ ቁጥር ላይ «ዲፈረንትስ ካርስ» ብሎ ከጻፈ የስፓኒሹን ስምምነት መከተሉ ነው፤ በእንግሊዝኛ ቅጽል ኤስ አይቀበልም። የዜግነት ቅጽልን በትንሽ ፊደል መጀመሩም ከዚያው የመጣ ልማድ ነው፤ ሜክሲካን በትልቅ ኤም ይጻፋል።

የቀሩት መልካቸው ተመሳስሎ ትርጉማቸው የተለያየ ቃላት ናቸው። «ሴንሲብሌ» ሴንሲቲቭ ነው፤ የእንግሊዝኛው ሴንሲብል ግን አስተዋይ ማለት ነው። «አክቱዋል» የአሁን ማለት ሲሆን የእንግሊዝኛው አክቹዋል እውነተኛ ማለት ነው። «ኤምባራሳዳ» እርጉዝ ናት፤ ኢምባረስድ ያፈረ ሰው ነው። ይህን የመጨረሻውን ከኢ-ዲ ትምህርት ጋር አያይዙት፤ ክፍሉ ስለሚስቅበት አይረሱትም።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እንስማ።