ዲስክ ወይስ ዲጂታል? የገዛችሁት ጌም የማን ነው?

ሰላም ሰላም ቤተሰቦች፣ እንዴት ናችሁ! ዛሬ በኮመንትም በቴሌግራምም ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ነው ይዤ የመጣሁት። ጌም በዲስክ ልግዛ ወይስ በዲጂታል፣ ማለትም ከኢንተርኔት ሱቅ ገዝቼ ላውርድ? ብሬን ከፍዬ ጌሙ የኔ ነው ወይስ አይደለም? እዚህ ኮዬ ፈጬ ያላችሁ፣ የካ አባዶ ያላችሁ፣ ጀሞ ያላችሁ፣ ጥያቄያችሁ አንድ ነው። መልሴን ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ ከቻላችሁ ዲስክ ግዙ። ግን ዲስክ ስለሆነ ብቻ ሁሉም ነገር የናንተ ነው ማለት አይደለም።

ነገሩን በቤት ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም እኛ ሰፈር ስለ ቤት የማያወራ የለም። ዕጣ የወጣለት አለ፣ ገና የሚጠብቅ አለ፣ ተከራይ አለ። ዲጂታል ጌም የኪራይ ቤት ነው በሉት። ልዩነቱ፣ ኪራዩን በየወሩ ሳይሆን ገና ስትገቡ ጠቅልላችሁ ትከፍላላችሁ። ከዚያ ትኖራላችሁ፣ ማንም ምንም አይላችሁም። ግን ልሽጠው ብትሉ አይቻልም። ለወንድሜ ላውርሰው ብትሉ አይቻልም። ለጎረቤቴ ለአንድ ሳምንት ላውሰው ብትሉ፣ እሱም አይቻልም። ውሉን የጻፈው አከራዩ ነው፤ እናንተ "እስማማለሁ" የምትለዋን ተጭናችሁ አልፋችኋል። ማን አንብቧት ያውቃል?

ዲስክ ደግሞ የራስ ቤት ነው። ቁልፉ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ትሸጣላችሁ፣ ታውሳላችሁ፣ ለታናሽ ወንድማችሁ ትሰጣላችሁ፣ ማንንም አታስፈቅዱም። እሺ፣ ቤቱ የናንተ ነው፤ መሬቱስ? የሕገ መንግሥታችንን አንቀጽ 40 ታውቁታላችሁ፣ መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ቦታው ለልማት ተፈለገ ከተባለ ቤታችሁ ብቻውን አየር ላይ አይቆምም። ዲስክም እንደዚያው ነው። ፕላስቲኩ የናንተ ነው፤ ውስጡ ላለው ሶፍትዌር ግን የተሰጣችሁ የመጠቀም ፈቃድ ነው። ጌሙ ከኩባንያው ሰርቨር፣ ማለትም በኢንተርኔት ከሚያገናኘው የኩባንያው ኮምፒውተር ጋር ካልተገናኘ የማይከፍት ከሆነ ደግሞ መሬቱ ሰርቨሩ ነው። ሰርቨሩ ከተነሳ ቤቱም ተነሳ። ለልማት ለተነሳ ቤት እንኳ ካሳ የሚባል ነገር አለ!

ይህ ግምት አይደለም፣ ሆኗል። ዘ ክሩ የሚባለውን የመኪና ጌም ዩቢሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው ያወጣው። ብቻችሁን ስትነዱም ሰርቨር ይፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ተዘጋ። በዲስክ የገዛውም በዲጂታል የገዛውም እኩል ባዶ እጁን ቀረ። ዲስኩ ሳይጫር፣ ካርቶኑ ሳይቀደድ፣ ጌሙ ሞተ። ስቶፕ ኪሊንግ ጌምስ የሚባለው ዘመቻ የተነሳው በዚህ ንዴት ነው፤ በአውሮፓ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ ሰብስቧል። እኔ በሙሉ ልቤ ከነሱ ጋር ነኝ። ገንዘብ የተቀበለ ኩባንያ ሲወጣ ቢያንስ ጌሙ ያለ ኔት እንዲከፍት አድርጎ መውጣት አለበት።

ቴክኒኩን ፈጠን ላርገው፣ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በሶኒ ፕሌይስቴሽኖች፣ በፒኤስ4 እና በፒኤስ5፣ ዲስኩን ስታስገቡ ጌሙ ወደ ውስጥ ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ ዲስኩ ማረጋገጫ ነው። በዲጂታል ግን ማረጋገጫው አካውንታችሁ ነው። አለቀ።

አላለቀም እንዴ? አዎ፣ እዚህ ጋ ቆም እንበል። ባለፈው ቪዲዮ ሥር ብዙ ሰው የጻፈው ይህን ነው፦ "ወንድም፣ ጌሙ አንዴ ከተጫነ ዲስኩን ብሸጠውስ? ጌሙ ውስጥ ገብቷል አይደል?" ገብቷል። ግን ዲስኩ ከሌለ አይከፍትም። ለምን መሰላችሁ? ባይሆን ኖሮ አንድ ዲስክ ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ እየዞረ ብሎኩን በሙሉ ይጭን ነበር።

"ታዲያ ዲስኩን ሳያስገቡ የሚሠራበት መንገድ ይፈልጉልና!" የሚል ደግሞ አለ። ፈልገው ነበር! እ.ኤ.አ. በ2013 ማይክሮሶፍት የራሱን ኮንሶል (የጌም ማጫወቻ)፣ ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ ያቀደው ይህንኑ ነው። አንዴ ጫን፣ ከዚያ ዲስኩን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጥ። ደስ ይላል አይደል? ዋጋውን ስሙ። ኮንሶሉ በየ24 ሰዓቱ ኢንተርኔት ላይ ገብቶ መረጋገጥ ነበረበት፤ ማዋስና መሸጥም ገደብ ነበረው። በየ24 ሰዓቱ! እዚህ ከትናንት ወዲያ መብራት ሄዶ ማታ ነው የመጣው። ተጫዋቹ ተቆጣ። ሶኒ ደግሞ አጋጣሚውን አላሳለፈውም፤ "በፒኤስ4 ጌም የሚዋዋሱት እንዲህ ነው" የሚል አጭር ቪዲዮ ለቀቀ። አንዱ ለሌላው ዲስኩን በእጁ ይሰጠዋል፣ ሌላ ምንም የለም። ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ጁን ወር እቅዱን ሰረዘ። ስለዚህ ከሶፋ ተነስታችሁ ዲስክ መቀየር ሲሰለቻችሁ ይህን አስታውሱ፤ ያለ ኔት የምትጫወቱት በዲስኳ ምክንያት ነው።

(እስካሁን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ካላችሁ አሁን አድርጉልኝ፣ ደወሏንም እንዳትረሱ።)

ወደ እኛ እንምጣ። ኢትዮጵያ በፕሌይስቴሽን ኔትወርክ፣ ማለትም ዲጂታል ጌም በሚሸጥበት የሶኒ የኢንተርኔት አገልግሎት፣ የአገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ስለዚህ የሌላ አገር አካውንት ከፍተን፣ የዚያኑ አገር ጊፍት ካርድ (አካውንቱ ላይ ገንዘብ የሚሞላ ኮድ) ከሰው ገዝተን ነው የምንገባው። ከዚያ ማውረዱ አለ። 100 ጊጋባይት የሆነ ጌም በሴኮንድ 4 ሜጋቢት በሆነ መስመር ሳይቋረጥ ቢወርድ 55 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሳይቋረጥ ካልኩ ደግሞ እናንተው ጨርሱት።

በጣም የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ቴሌግራም ላይ "ዲጂታል ጌም በርካሽ" እያሉ ከሚሸጡላችሁ ብዙዎቹ የሚሰጧችሁ ጌም አይደለም፣ የሰው አካውንት ነው። ኢሜይሉ እሱ ጋ ነው፣ ፓስወርዱን መቀየር ይችላል፣ ያንኑ አካውንት ለሌላ ሰውም ሸጦት ሊሆን ይችላል። በሶኒ ውልም አካውንት መሸጥ ክልክል ነው፤ ከተዘጋባችሁ አቤት የምትሉበት ቦታ የለም። ለታናናሾቻችሁ ንገሩልኝ፣ በዚህ የሚበሉት እነሱ ናቸው።

ዲስክ ስትገዙ ደግሞ አትቸኩሉ። መገናኛ አካባቢ ያገለገለ ዲስክ የሚለውጥ ልጅ አለ፤ ዋጋ ከመናገሩ በፊት ዲስኩን በጠርዙ ይዞ፣ የስልኩን መብራት አብርቶ፣ ቀስ እያለ ያዘነብለዋል። ጭረቷ በመብራቱ ሥር እንደ ፀጉር ብልጭ ትላለች። ልክ ነው የሚያደርገው። ብሉሬይ (የፒኤስ4 እና የፒኤስ5 ዲስክ ዓይነት) ላይ መረጃው ከላዩ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ነው ገባ የሚለው፤ የሚጠብቀው ስስ ሽፋን ነው። የጥርስ ሳሙና የምትቀቡ ልጆች፣ እባካችሁ ተዉ፣ ያንኑ ሽፋን ነው የምትፍቁት።

ከዱባይ የመጣ ዲስክ በአሜሪካ አካውንት ይሠራል ወይ? ይሠራል። ዲኤልሲው (ለጌሙ ለብቻው የሚወርደው ተጨማሪ ክፍል) ግን ከዲስኩ ሪጅን (ዲስኩ ከተዘጋጀለት የዓለም ክፍል) ጋር ካልገጠመ እምቢ ይላል፤ ካርቶኑን አይታችሁ ግዙ። የኔንቴንዶ ኮንሶል ስዊች 2 ላላችሁ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ጌም ኪ ካርድ የሚባል መጥቷል፤ ካርዱ አለ፣ ጌሙ ግን ውስጡ የለም፣ ይወርዳል። መሸጥ ይቻላል፣ ያለ ኔት መጀመር ግን አይቻልም።

ኮንሶል ልትገዙ ያላችሁም ዋጋው ቀነሰ ብላችሁ ዲስክ ማስገቢያ የሌለውን አትውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የመጀመሪያው ዲጂታል ፒኤስ5 በኋላ ማስገቢያ አይቀጠልለትም። በኋላ የወጡት ፒኤስ5 ስሊሙና ፕሮው ይቀጠልላቸዋል፤ ግን መጀመሪያ ሲገጠም ኔት ይፈልጋል፣ ሻጩ እዚያው ሱቁ ውስጥ ገጥሞ ያሳያችሁ።

አሁን ሥራ ልስጣችሁ። ቤታችሁ ያሉትን ዲስኮች አውጡ፣ ዋይፋዩን አጥፉ፣ አንድ በአንድ እያስገባችሁ ሞክሩ። የትኛው ከፈተ፣ የትኛው እምቢ አለ? የጌሙን ስም ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ያለ ኔት የሚሠሩትን ሰብስቤ ቴሌግራም ቻናላችን ላይ አወጣላችኋለሁ።