ከጨቅላው ሳንባ የጎደለው ምንድን ነው? የዶክተር ሜሪ ኤለን ኤቨሪ ምርምር

(ምስል፦ ሲተነፍስ ደረቱ የሚሰረጉድ ጨቅላ)

ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ያቃስታል፣ አፍንጫው ይርገበገባል፣ በጎድኑ አጥንቶች መሃል ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አየር ባስወጣ ቁጥር ሳንባው እየተጣበቀበት ነው። በ1950ዎቹ ብዙ ሐኪሞች ተጠያቂ ያደረጉት በሟቾቹ ሳንባ ውስጥ የሚታየውን መስታወት መሳይ ሽፋን ነበር። (የምንጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኤቨሪ በ1952 ከጆንስ ሆፕኪንስ በሕክምና እንደተመረቁ የሳንባ ነቀርሳ ያዛቸው፤ የሳንባ ነገር ትኩረታቸውን የሳበውም ያኔ ነው። በኋላ ሃርቫርድ ከሳንባ ተመራማሪው ጄር ሚድ ጋር ሲሠሩ ጥያቄውን ገለበጡት፦ የጎደለ ነገር ይኖር ይሆን?

(ምስል፦ ትልቅና ትንሽ የአየር ከረጢት)

የአየር ከረጢቶች ውስጣቸው እርጥብ ነው፤ እርጥበቱም ገጹን ወጥሮ ይሰበስባል። የከረጢቱ ራዲየስ በግማሽ ሲቀንስ የሚጨምቀው ግፊት እጥፍ ይሆናል፣ ስለዚህ ትንሹ ቀድሞ ይዘጋል። ይህን ውጥረት የሚያላላው ሰርፋክታንት የሚባል ቅባታማ ንጥረ ነገር ነው። ኤቨሪ ከሞቱ ሕፃናት ሳንባ የተወሰደ ፈሳሽ ለኩ። በሌላ ምክንያት በሞቱት፣ በጣም ትንንሾቹን ሳይጨምር፣ ውጥረቱ በሴንቲ ሜትር ከ10 ዳይን (የኃይል መለኪያ) በታች ይወርዳል፤ በዚህ በሽታ በሞቱት ግን ያን ያህል አይወርድም። ውጤቱ በ1959 ታተመ። ሽፋኑ ለካ የጉዳቱ ውጤት እንጂ መነሻው አልነበረም።

መድኃኒቱ ዘገየ። ጃፓናዊው ቴትሱሮ ፉጂዋራ ከላም ሳንባ የተዘጋጀ ሰርፋክታንት ለ10 ሕፃናት ሰጥተው ውጤቱን ያሳተሙት በ1980 ነው።

በ1987 ኤቨሪና ባልደረቦቻቸው ስምንት የጨቅላ ሕፃናት ሕክምና ማዕከላትን አነጻጸሩ። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም በጣም ያነሰው ኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ነበር፤ እዚያ ወደ መተንፈሻ ማሽን ከመሮጥ በፊት በአፍንጫ ሲፓፕ፣ ማለትም ሳንባው እንዳይዘጋ ሳያቋርጥ የአየር ግፊት በሚሰጥ ዘዴ፣ ይጀምሩ ነበር።

(ምስል፦ ውኃ ያለበት ጠርሙስ)

በኢትዮጵያም የሚሠራበት ባብል ሲፓፕ አሠራሩ ቀላል ነው። የሞቀና የረጠበ አየር ወደ አፍንጫ ይገባል፤ የመውጫው ቱቦ ጫፍ ውኃ ውስጥ ይጠልቃል። 5 ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ ግፊቱ 5 ሴንቲ ሜትር ውኃ ነው፣ ከረጢቶቹም ሳይዘጉ ይቆያሉ። አረፋው ከቆመ መጀመሪያ የሚፈለገው ማፍሰሻ ነው፦ የአፍንጫው ቱቦ ጠቦ፣ አፍ ተከፍቶ ወይም መጋጠሚያ ላልቶ ይሆናል። በመውጫ ቱቦው የተጠራቀመ ውኃ ደግሞ ግፊቱን ሳይታወቅ ይጨምራልና ቶሎ ቶሎ ይራገፍ። የአፍንጫው ቱቦ የአፍንጫውን መሃል ግድግዳ ከነካ ያቆስላል፣ ስለዚህ ትንሽ ክፍተት ይተውለት። ኦክስጅኑም ከአየር ጋር ይቀላቀል፤ የደም ኦክስጅን መጠን ብዙ ጊዜ ከ90 እስከ 95 በመቶ እንዲሆን ይፈለጋል፣ ከልክ ያለፈ ኦክስጅን የጨቅላውን ሬቲና (ብርሃን ተቀባዩን የዓይን ክፍል) ይጎዳል።