ሰው አይደለን እንዴ

እሺ፣ መቅጃው ጀምሯል። ዛሬ የዘጌን ቡና ወሬ አላወራም። ቃል ገብቼ ነበር፣ አውቃለሁ። ግን አልቻልኩም።

ያቺን ዣንጥላዬን ታውቋታላችሁ። አዎ፣ እጀታዋ በፕላስተር የታሰረችው። ቅዳሜ ማታ ጣና ዳር ዓሣ ስገዛ ረስቻት ሄድኩ። የሚሸጡት አባት መቶ ብር ሊመልሱልኝ ሲገባ ሁለት መቶ ሰጡኝ። መሽቷል፣ እሳቸው አላዩትም። እኔ ግን አይቻለሁ። በደንብ አይቻለሁ። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ትንሽ እንደሄድኩ ከኋላዬ "ልጄ! አንቺ ልጅ!" ሲሉ ሰማሁ። ልቤ ቀጥ አለ። ለብሩ መስሎኝ ነዋ! ዞር ስል በባዶ እግራቸው ጭቃውን እየረገጡ ይሮጣሉ፣ ዣንጥላዬን ይዘው። "ምነው አባቴ፣ እስከዚህ ድረስ?" አልኩ። "ምን ችግር አለው? ሰው አይደለን እንዴ?" አሉኝ። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። ብሩ ላይ። ምንም አላልኩም።

"ሰው አይደለን እንዴ።" እንደ በቂ ምክንያት ነው የተናገሩት። እኛ እኮ ሰውን "ሰው ሁን" እንላለን። ውሻን "ውሻ ሁን" የሚለው የለም።

እንግሊዛዊቷ ፈላስፋ ፊሊፓ ፉት ሥሩ ደካማ የሆነ ዛፍ ጎዶሎ ዛፍ ነው ትላለች። ከመንጋው ጋር ሳያድን የሚበላ ተኩላም እንዲሁ። ሰው ደግሞ ሳይተማመን መኖር አይችልም። ስለዚህ ቃሉን የማይጠብቅ ሰው እንደ ሰው ይጎድለዋል። የምታነሳው የማክላይን ታሪክ ነው፣ የሩሲያዊውን ተመራማሪ። አብሮት ለሚሠራው የአገሬው ሰው "ፎቶ አላነሳህም" ብሎ ቃል ገብቶለታል። አንድ ቀን ሰውየው ተኝቷል። ቢያነሳው በጭራሽ አያውቅም። በጣም አማረው፣ ግን ተወው።

አባባም አላወቁም። እኔ ግን ወሰድኩ።

እሺ፣ የእሳቸው እግር ከሰው ተፈጥሮ ከመጣ፣ የኔ እጅስ ከየት መጣ? እጄም ሳታስብ ነው ብሩን የጨበጠችው። እዚሁ ጣና ውስጥ ሌላ ዓሣ እየበሉ የሚኖሩ ዓሦች አሉ፣ ጎዶሎ ናችሁ የሚላቸው የለም። ፉት ብትሆን "ዓሣ በዓሣነቱ፣ ሰው በሰውነቱ ነው የሚመዘነው" የምትል ይመስለኛል። ይገባኛል። ግን የትኛው ነው ሰውነት? ደጉን አስቀድመን መርጠን ከዚያ "ሰው" ብለን ስም ካወጣንለት፣ ተፈጥሮ ምንም አልነገረችንም ማለት ነው።

ደግሞ እንዲህ ስል... አፈርኩ እኮ። ማንም ሳያየኝ ነው ያፈርኩት። ያስተማረችኝ እናቴ ናት? ወይስ ከሷም በፊት የነበረ ነገር ነው? አላውቅም።

ትናንት ተመልሼ ሄድኩ። አልነበሩም። ቦታቸው ላይ አንድ ልጅ ቆሟል። "አባቴ ታመዋል" አለኝ። ብሩን ልሰጠው አልኩና ስለምን እንደሆነ ቢጠይቀኝስ ብዬ... ሁለት ቆሮሶ ዓሣ ገዝቼ ተመለስኩ። መቶዋ ይኸው ጠረጴዛው ላይ ናት።

ቆይ... ዝናቡ ይሰማችኋል? መስኮቱን ልዝጋ...