የእናቴ ሻማና የአደይ አበባ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ይህን የምቀዳው ጎንደር ሆኜ፣ በጥቅምት፣ ሌሊቱ መቀዝቀዝ በጀመረበት ሰሞን ነው። ፊት ለፊቴ ጠረጴዛው ላይ ሦስት የሻማ ማስቀመጫዎች አሉ፤ ሁለቱ የማር፣ አንዱ የማርማላታ ጠርሙስ የነበሩ ሲሆኑ፣ ዙሪያቸውን የደረቀ አደይ አበባ ለብሰዋል።

ሥራውን የጀመርኩት ለእናቴ ብዬ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 የጽጌ ቀናት እናቴን የእሑድ ማኅሌት አያመልጣትም፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትነሳና ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዳሠሩት ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ትወጣለች። የዛሬ ሁለት ዓመት እንዲሁ መብራት በጠፋበት ሌሊት ሻማ ይዛ ስትወጣ ነፋሱ ገና ከደጃፉ አጠፋባት፤ ደረጃውን በእግሯ እየዳበሰች ስትወርድ ወለም አላት፤ በዚያ ዓመት ሁለት እሑድ ከቤት ዋለች። እግሯ ከሚያማት ይልቅ ማኅሌቱ የቀረባት ያስጨንቃት እንደነበር አልረሳውም። በዚያው ሰሞን ነው አጥቤ ያስቀመጥኩትን ባዶ የማር ጠርሙስ ሳየው ሻማውን በውስጡ ማቆም ያሰብኩት።

አበባውን የጨመርኩት ወቅቱ የእሱ ስለሆነ ነው። አደይ ዓመት ጠብቆ ይመጣና፣ እንቁጣጣሽንና መስቀልን አድምቆ፣ ጥቅምት ሲጋመስ ከከተማው ዙሪያ ካሉት ኮረብታዎች ላይ እየሳሳ ይሄዳል። ለደመራው የታሰረው ከችቦው ጋር ይነዳል፤ ቤት የገባው ደግሞ ጠውልጎ ይጣላል። ጽጌ አበባ ማለት ነውና፣ እናቴ በአበባ ስም በተጠራ ጾምና ማኅሌት ውስጥ እያለች አደይ ከፊቷ መጥፋቱ ለእኔ ሁልጊዜ ቅር ይለኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ጠርሙስ ያበላሸሁት በችኮላ ነው። እንደ ቀጠፍኩት፣ እርጥቡን አበባ በኮላ ለጠፍኩት፤ በአራተኛው ቀን መሃሉ ጠቁሮ ሻጋታ ወጣበት። ቀረብ ብላችሁ ብታዩት የአደይ ዳርና ዳር ያለው ቢጫ ቅጠል እንደ ስስ ወረቀት ነው፤ መሃሉ ያለው እምብርት ግን ወፍራም ስለሆነ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ አሁን ጤዛው ከለቀቀው በኋላ ረፋድ ላይ እቀጥፈዋለሁ፤ በጋዜጣ መካከል ፊቱን ወደ ታች ዘርግቼ፣ ሳንቃ ደርቤ፣ በላዩ የአያቴን መጅ እጭንበታለሁ። በየሁለት ቀኑ ጋዜጣውን እለውጣለሁ። ሁለት ሳምንት ሲሞላው አበባው በጣት ሲነሳ የማይታጠፍ፣ ኮሽ የሚል ይሆናል፤ ያን ጊዜ ነው ለሥራ የደረሰው።

ጠርሙሱ ላይ የቀረውን የወረቀት ሙጫ ዘይትና አመድ አሽቼ አስለቅቀዋለሁ። ከዚያ ነጭ የእንጨት ኮላ ከእኩል ውሃ ጋር በጥብጬ በብሩሽ እቀባለሁ፣ አበባውን እለጥፋለሁ፣ ሲደርቅ አንድ ጊዜ ደግሜ ከላይ አለብሰዋለሁ። ኮላው እርጥብ ሳለ ነጭ ነው፤ ሲደርቅ ግን ጠርቶ ቢጫውን ያወጣዋል። አበባው ሁልጊዜ በውጭ በኩል ይለጠፋል፤ ከውስጥ ከሆነ ነበልባሉ ያገኘዋል። በአንገቱ ላይ ያሰርኩት ሲባጎም አንድ ጊዜ ጠረኑ ቤቱን እስኪሞላው ስለተለበለበ፣ አሁን ማንጠልጠያውን በቀጭን ሽቦ ነው የምሠራው።

ሁለተኛው ስህተቴ ጧፍ ነበር። ከሰም የተሠራ ስለሆነ ለእናቴ ይገባታል ብዬ አቆምኩት፤ ነገር ግን ጧፍ ቀጭን ነው፣ ሰሙም በጠርሙሱ ሙቀት ይለሰልሳል። ቀስ በቀስ ጎበጠና ነበልባሉ የጠርሙሱን ግድግዳ ይልስ ጀመር፤ ጥቂት ቆይቶ ጠርሙሱ ጧ ብሎ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ብርጭቆ ሙቀትን ቶሎ አያስተላልፍም፤ የጋለው ቦታ ሲለጠጥ ቀዝቃዛው ባለበት ስለሚቆይ በሁለቱ መካከል ይቀደዳል። እግዚአብሔር ይመስገን እናቴ ገና ከክፍሏ አልወጣችም ነበር። ከዚያ ወዲህ አጭርና ወፍራም ሻማ ብቻ እጠቀማለሁ፤ ከሥሩም 2 ሴንቲ ሜትር ያህል የታጠበና የደረቀ አሸዋ አደርጋለሁ፤ ሻማው ሊያልቅ ሲል ነበልባሉ መቀመጫውን እንዳይነካ ቀድሜ አጠፋዋለሁ፤ የጋለውንም ጠርሙስ ቀዝቃዛ ውሃ አላስነካውም። እባካችሁ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ጠርሙስ ስትመርጡ ደግሞ እጃችሁ የሚገባበትን ሰፊ አፍ ያለውን ምረጡ፤ አፉ ጠባብ ከሆነ ትኩሱ አየር ሲወጣ ንጹሑ መግቢያ ያጣል፣ ሻማውም ይጨስና ብርጭቆውን በጥላሸት ይሸፍነዋል።

ሲሳካ ያለውን ብርሃን በቃል ለመግለጽ ይቸግረኛል። ቅጠሎቹ ስስ ስለሆኑ ብርሃኑ ያልፍባቸዋል፤ ቀን የማይታየው የቅጠሉ ሥር ሁሉ በሌሊት ቀጭን መስመር ሆኖ ይወጣል፤ የእናቴ ነጠላም የማር መልክ ይይዛል። ሽቦውን ይዛ ግቢውን ስታቋርጥ ነበልባሉ ይወዛወዛል እንጂ አይጠፋም፤ እኔም እስከ ውጭው በር በዓይኔ እሸኛታለሁ።

የቁስቋም በዓል ኅዳር 6 ካለፈ በኋላ ጠርሙሶቹን ለብ ባለ ውሃ እዘፈዝፋቸዋለሁ፤ ኮላው ይለቃል፣ ለከርሞ ይቀመጣሉ። አምና ይህን ላደርግ ስል እናቴ አንዷን ከእጄ ወስዳ «ይቺን ተያት፤ የገናም ሌሊት እኮ ጨለማ ነው» አለችኝ። ያቺ ጠርሙስ እስካሁን በሩ አጠገብ ካለው መስኮት ላይ ናት። ቢጫዋ ደብዝዟል፤ አንዱ አበባም ጫፉ ተነስቷል። ዘንድሮ ሦስት አዳዲስ ሠርቼላት እንኳ፣ ለማኅሌት ስትነሳ እጇ የሚሄደው ወደ እሷ ነው።